8028 እና የቆቦ ጎርፍ

በቆቦና በራያ ቆላ ማሽላ የሚያድገው በሜዳው ዝናብ ብቻ አይደለም። ከምዕራቡ ተራሮች በሆርማትና በጎሊና ወንዞች የሚወርደው ጎርፍ ተጠልፎ ወደ ማሳ ይገባል። ጎርፉ ከጥቂት ሰዓታት በላይ ስለማይቆይ፣ ተራው የማን እንደሆነና የአፈር ክተሩ መቼ እንደሚከፈት በቅጽበት መወሰን ያሻል፤ ይህም የውኃ አባቶች ድርሻ ነው። ዕውቀታቸው ፈላስፋው ማይክል ፖላኒ በቃል ተዘርዝሮ የማያልቅ ካለው ወገን ይመደባል።

በ2006 ዓ.ም. የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ ያስጀመረው 8028 ነፃ የስልክ መስመር ደግሞ ተጽፎ ያለቀ ዕውቀትን ያደርሳል። ገበሬው ቁጥር እየተጫነ ስለ አዘራርና ስለ ማዳበሪያ የተቀዳ ምክር ያዳምጣል፤ ፊደል ላልቆጠረ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ይሁንና ዛሬ ሌሊት ጎርፍ ቢመጣ የትኛው ማሳ ይቅደም ለሚለው ጥያቄ ማእከሉ ምን መልስ ይኖረዋል?

የወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት የሚያሻው ከታች የሚነሣ መዝገብ ነው፦ ጎርፉ የወረደበት ቀን፣ የጠጣው ማሳ፣ የፈረሰው ክተር፣ የተሰጠው ፍርድ። ለመነሻው ተራ ደብተር ይበቃል፤ ኮምፒውተሩ በኋላ ይደርሳል። ከባዱ መዝጋቢውን መመደብ ነው። የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ይዛወራል፣ የውኃ አባትም ያረጃል፤ መዝገብ በሌለበት ተተኪው የወንዙን ጠባይ የሚማረው ሰብል እያጣ ነው።