የትዝታ ጉብታ፦ ወላጅና ልጅ በአንድ ስታዲየም

(ለመምህራንና ለተማሪዎች ከቀረበ ሕዝባዊ ንግግር የተገለበጠ)



ዛሬ የማነሣው ጥያቄ ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። ሰው ከመወለዱ በፊት የተሠራ ዘፈን እንዴት የራሱ ትዝታ ሊሆን ይችላል? ትዝታ በቋንቋችን የቅኝት ስምም የአእምሮ ሥራ ስምም መሆኑ ለጥያቄው ይመቻል። ዛሬ ግን ስለ ቅኝቱ አልናገርም። የምናገረው ስለ ሮክ ሙዚቃ፣ ስለ ስታዲየም፣ እንዲሁም ልጅ ከወላጁ ስለሚወርሰው ጆሮ ነው።

ከሥነ ልቦናው ልጀምር። ዕድሜያቸው ከ40 ያለፈ ሰዎች የሕይወት ገጠመኛቸውን እንዲያነሡ ሲጠየቁ የሚያነሡት በየዘመኑ እኩል አይከፋፈልም። የቅርብ ጊዜው ብዙ ነው፤ ወደ ኋላ በተሄደ ቁጥር እየሳሳ ይመጣል፤ ከ10 እስከ 30 ዓመት ባለው ዕድሜ ላይ ግን እንደገና ከፍ ይላል። በሥዕላዊ መግለጫ ሲቀመጥ ከሜዳ መካከል ብቅ ያለ ጉብታ ይመስላል፤ ስለዚህ «የትዝታ ጉብታ» እለዋለሁ። ምክንያቱ ይህ ነው የሚለው ክርክር ገና አልተዘጋም። አንዳንዶች በዚያ ዕድሜ ብዙ ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ ስለሚሆን ነው ይላሉ፤ ሌሎች ሰው ማንነቱን የሚያቆምበት ወቅት ስለ ሆነ ነው ይላሉ። ለሙዚቃ ሁለተኛው የበለጠ የሚስማማ ይመስለኛል።

በ2013 እ.ኤ.አ. የኮርኔል ዩኒቨርሲቲዋ ካሮል ክራምሃንስል ከጀስቲን ዙፕኒክ ጋር አንድ ያልተጠበቀ ውጤት አሳተሙ። ዕድሜያቸው 20 ዓመት ገደማ ለሆኑ ወጣቶች ከ1955 እስከ 2009 በአሜሪካ በሽያጭና በተወዳጅነት ቀዳሚ የነበሩ ዘፈኖችን በየዘመኑ እየቆረጡ አሰሟቸው፤ የትኞቹን እንደሚያውቁ፣ የትኞቹን እንደሚወድዱ፣ ከየትኞቹ ጋር የግል ትዝታ እንዳላቸው ጠየቋቸው። ወጣቶቹ የራሳቸውን ዘመን ማወቃቸው አያስደንቅም። የሚያስደንቀው ሁለተኛ ጉብታ መገኘቱ ነው፦ በ1980ዎቹ መጀመሪያ፣ ማለትም ወላጆቻቸው ወጣት በነበሩበት ጊዜ። ከዚያም ወደ ኋላ በ1960ዎቹ ሌላ ጉብታ ታየ። ለዚህኛው ተመራማሪዎቹ ሁለት ማብራሪያ አቅርበዋል፤ ወይ አያቶች ለወላጆች፣ ወላጆች ለልጆች አቀብለውታል፤ ወይ የዚያ ዘመን ሙዚቃ ራሱ የተለየ ጥራት አለው። እኔ ለመጀመሪያው አደላለሁ፤ ለሁለተኛው ማድላት የሚቀናው ለ1960ዎቹ ወጣቶች ነው።

እንግዲህ ልብ በሉ፤ ልጁ ዘፈኑን መርጦ አላዳመጠም። በመኪና የኋላ ወንበር ተቀምጦ፣ በጓዳ እየተላላከ፣ አንዳንዴም እንቅልፍ እያሸለበው ሰማው። ከዘፈኑ ጋር የወላጁን ስሜት አብሮ ቀዳ። ስለዚህ የሚያስታውሰው ዘፈኑን ብቻ ሳይሆን ዘፈኑን የሚሰማውን ሰው ነው።

ይህ ግን ያለ እንቅፋት በተላለፈ ሙዚቃ ላይ የተሠራ ጥናት ነው። የኛ ሁኔታ ይለያል። አባቴ የተወለዱት በ1950 እ.ኤ.አ. ሲሆን የልጅነት ዘመናቸው ያለፈው አሥመራ ነው። በዚያ የነበረው የአሜሪካ ጦር ሠፈር፣ ቃኘው ሻለቃ፣ የራሱ ሬዲዮ ነበረው፤ ለወታደሮቹ የታሰበው ሙዚቃ አጥር አያግደውምና የከተማው ወጣትና የከተማው ሙዚቀኛ ሁሉ ሰማው። አባቴ ቢትልስን ያወቁት በዚህ መንገድ ነው። ለትምህርት አዲስ አበባ ሲመጡ የሸክላ ማጫወቻ ያለው አንድ ጓደኛ አገኙ። ሁለቱ እየተቀባበሉ የሚያዳምጧቸው ጥቂት ሸክላዎች ነበሯቸው። በዚያው ዓመታት አምሃ እሸቴ በ1969 እ.ኤ.አ. የከፈተው አምሃ ሬከርድስ የአገራችንን ዘመናዊ ሙዚቃ በሸክላ ያሳትም ነበር፤ የምሽት ክበቦችም ሞቅ ያሉ ነበሩ። የጉብታው ዕድሜና የከተማው ሙዚቃ ተገጣጥመው ነበር ማለት ይቻላል።

ከዚያ አብዮቱ መጣ፤ ሰዓት እላፊም ታወጀ። የሌሊቱ ሙዚቃ ለረጅም ዓመታት ተቋረጠ። ጓደኛቸው በቀይ ሽብር ተገደለ። ሸክላዎቹ የት እንደ ደረሱ አባቴ አያውቁም፤ ቀደም ብለው በቴፕ የቀዱት አንድ ክር ግን ቀረ። እኔ በ1981 እ.ኤ.አ. ተወልጄ ያደግሁት ያን ክር እየሰማሁ ነው፤ ምሽት ላይ፣ መስኮት ተዘግቶ፣ ድምፁ ከግቢ እንዳይወጣ ተቀንሶ። እንግሊዝኛውን አልረዳም ነበር። ዘፈኖቹን ግን ከነጎደሎአቸው አውቃቸዋለሁ፤ ቴፑ አንድ ቦታ ላይ ይንገዳገድ ስለ ነበር እስከ ዛሬ ያን ዘፈን በደህና ቅጂ ስሰማ አንድ ነገር የጎደለው ይመስለኛል።

አሁን ወደ ስታዲየሙ እንሂድ። ኦገስት 15 ቀን 1965 ቢትልስ በኒውዮርክ ሼ ስታዲየም ለ55,600 ያህል ሰው ተጫወቱ። የስታዲየም የሮክ ትርኢት ታሪክ ብዙውን ጊዜ ከዚህ ምሽት ይቆጠራል። ነገር ግን ምሽቱ በመስማት ረገድ ከሽፎ ነበር። ለዚያ ጉዞ ተብሎ 100 ዋት ማጉያ ተሠርቶላቸው ነበር፤ ድምፃቸው ወደ ሕዝቡ የደረሰው ግን የጨዋታ ማስታወቂያ በሚነገርበት የስታዲየሙ ድምፅ ማጉያ ነው። የሕዝቡ ጩኸት ያንንም ዋጠው፤ ሙዚቀኞቹ ራሳቸውን መስማት አልቻሉም። በዓመቱ፣ ኦገስት 29 ቀን 1966፣ በሳንፍራንሲስኮ ካንድልስቲክ ፓርክ ትኬት የተሸጠበትን የመጨረሻ ትርኢታቸውን አሳይተው ጉዞውን ተዉት።

ችግሩ የጉልበት ብቻ አይደለም፤ የጊዜም ነው። ድምፅ በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ አየር ውስጥ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ይጓዛል። ከመድረኩ 100 ሜትር ርቆ የተቀመጠ ሰው ከበሮው ሲመታ በዓይኑ ያያል፤ የሚሰማው ግን ከሰከንድ ሩብ በላይ ዘግይቶ ነው። በደቂቃ 120 ምት ባለው ዘፈን ይህ ከግማሽ ምት ይበልጣል። ያ ሰው በሰማው ምት ቢያጨበጭብ ጭብጨባው ወደ መድረኩ ለመመለስ ያንኑ ያህል ጊዜ ይወስዳል፤ ዘፋኙ ዘንድ ሲደርስ ከአንድ ምት በላይ አርጅቷል። ሕዝብ ሁሉ በአንድነት ያጨበጨበ ይመስለዋል እንጂ ጭብጨባው በሜዳው ላይ እንደ ማዕበል የሚንከባለል ነገር ነው። ዛሬ ሙዚቀኞች በጆሯቸው ውስጥ ማዳመጫ የሚሰኩት ከዚህም ለመዳን ነው።

መሐንዲሶች መፍትሔውን ያገኙት በማዘግየት ነው። በሜዳው መካከል ተጨማሪ ድምፅ ማጉያ የተሸከመ ማማ ይተክላሉ፤ ወደ እርሱ የሚሄደውን ድምፅ ከመድረኩ የሚነሣው እስኪደርስ ድረስ ሆን ብለው ያቆዩታል፤ ከዚያም ጥቂት ሚሊሰከንድ ይጨምራሉ። ጭማሪው ሄልሙት ሃስ በ1949 እ.ኤ.አ. ባቀረበው ጥናት ላይ የቆመ ነው፤ ተመሳሳይ ድምፅ ከሁለት አቅጣጫ በጥቂት ሚሊሰከንድ ልዩነት ሲመጣ ጆሮ አቅጣጫውን የሚወስነው ቀድሞ በደረሰው ነው። ስለዚህ ማማው አጠገባችን እየጮኸ እንኳን ዘፈኑ ከመድረኩ የመጣ ይመስለናል። ቀሪውን ችግር በ1990ዎቹ የተስፋፋው በአቀባዊ ተደርድሮ የሚሰቀል የድምፅ ማጉያ ሰንሰለት አቃለለው፤ ከአንድ ነጥብ የሚወጣ ድምፅ ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር 6 ዴሲቤል ሲያጣ ሰንሰለቱ በተወሰነ ርቀት ውስጥ 3 ብቻ ያጣል።

በጁን 12 ቀን 2022 ከአባቴ ጋር በባልቲሞር ካምደን ያርድስ፣ የቤዝቦል ስታዲየም፣ ፖል ማካርትኒን ለማየት ስሄድ ይህን ሁሉ አውቅ ነበር። አባቴ ወደ አሜሪካ ከሄዱ ብዙ ዓመታቸው ነው፤ የሚኖሩት ሜሪላንድ ነው። (የትኬቱን ዋጋ አልነገርኳቸውም፤ አልጠየቁኝምም።) ማካርትኒ 80 ዓመት ሊሞላቸው 6 ቀን ቀርቷቸው ነበር፤ አባቴ 72 ነበሩ። በየረድፉ ሽማግሌና ጎልማሳ፣ አንዳንዴም የልጅ ልጅ ጭምር፣ ጎን ለጎን ተቀምጠው ነበር። የክራምሃንስልና የዙፕኒክን ጉብታዎች በወንበር ቁጥር ተደርድረው ያየሁ መሰለኝ።

አባቴ በሁለቱም ጆሮ የመስማት መርጃ ይጠቀማሉ። በዕድሜ የሚመጣ የመስማት መድከም መጀመሪያ የሚወስደው ቀጭኑን ድምፅ ነው፤ ወፍራሙ ይቆያል። መርጃው የሚሠራው በአብዛኛው ለንግግር ነው፤ ትልቅ የሙዚቃ ድምፅ ሲደርስበት ይጨፈልቀዋል ወይም ያሻክረዋል። ከሁለተኛው ዘፈን በኋላ አውጥተው ኪሳቸው ከተቱት፤ እኔም በምትኩ የጆሮ መከለያ ሰጠኋቸው። የዓለም ጤና ድርጅት በዚያው ዓመት ለሙዚቃ መድረኮች ባወጣው መመዘኛ አማካይ ድምፁ ከ100 ዴሲቤል እንዳያልፍ መክሯል፤ ይህም ራሱ ለደከመ ጆሮ ቀላል አይደለም። አባቴ «ቤዙ ይሰማኛል፤ በደረቴ ነው የምሰማው» አሉኝ። ማካርትኒ ቤዝ ተጫዋች ስለ ሆኑ ነገሩ ብዙም አልጎዳቸውም።

«ሄይ ጁድ» ሲደርስ ስታዲየሙ ተነሣ። ዘፈኑ ከሰባት ደቂቃ በላይ ነው፤ ከግማሽ የሚበልጠው ቃል የሌለው ድግግሞሽ ነው። ቋንቋውን የማያውቅም፣ ግጥሙን የረሳም ሊገባበት ይችላል። ከፊታችን ያለች ሴት እናቷን አቅፋ ትዘፍናለች። አባቴ ቆመዋል፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ ግን የለም። ያማቸው እንደ ሆነ ጠየቅኋቸው። «አይደለም፣ ልጄ፤ ይህን ዘፈን ጮክ ብዬ ዘፍኜው አላውቅም» አሉ።

ይህ መልስ ከሥነ ጽሑፉ የቀረ አንድ ነገር አሳየኝ። ጥናቶቻችን ዘፈኑ በስንት ዓመታችን እንደ ተሰማ ይመዘግባሉ፤ በምን ያህል ድምፅ፣ በማን ፊት፣ በምን ፍርሃት እንደ ተሰማ ግን አይመዘግቡም። አባቴ የወረሱኝ ዘፈን ከነዝግታው ነው። እኔም ለካ ስዘፍን ዝግ እላለሁ።

ትንሽ ቆይቶ ማካርትኒ ተመልሰው ወጡ፤ በሰሌዳው ላይ ጆን ሌነን ታዩ። ጃንዋሪ 30 ቀን 1969 በለንደን ሰገነት ላይ ሲዘፍኑ የተቀረጸው ነው። የፒተር ጃክሰን ቡድን የሌነንን ድምፅ ከመሣሪያዎቹ በኮምፒውተር ለይቶ አውጥቶት ስለ ነበር በሕይወት ያለውና በ1980 የተገደለው በአንድ ዘፈን እየተቀባበሉ ዘፈኑ። እንዲህ ያለ ነገር ብልጣብልጥነት ይመስለኛል፤ ሙታንን ለመድረክ መጥራት አይጥመኝም። አባቴ ግን ሰሌዳውን ሲያዩ ቆይተው የጓደኛቸውን ስም ጠሩ። ከዚያ በፊት ስሙን ከአፋቸው ሰምቼው አላውቅም ነበር፤ በቤታችን «ጓደኛዬ» ብቻ ነበር የሚባለው። በቀጣዩ ዘፈን መካከል፣ በዚያ ሁሉ ጩኸት ውስጥ፣ የትኛው ሸክላ የእርሱ፣ የትኛው የእርሳቸው እንደ ነበር በጆሮዬ ይነግሩኝ ጀመር። ግማሹን አልሰማሁትም። በማግሥቱ ደግመው እንዲነግሩኝ ለመንኳቸው፤ ነገሩኝም።

ጥናቱን በአገራችን ለመድገም ከአንድ ዓመት ወዲህ እየተዘጋጀን ነው። የመጀመሪያው እንቅፋት ዝርዝሩ ነው። አሜሪካኖቹ በየሳምንቱ የታተመ የቀዳሚ ዘፈኖች ሰንጠረዥ ነበራቸው፤ እኛ በዚያ ዓይነት የተጠበቀ ሰንጠረዥ ላይ መደገፍ አንችልም። የሸክላ አሳታሚዎችን ዝርዝር፣ የካሴት ሽፋኖችንና የቤተሰብ ክሮችን ማሰባሰብ ይኖርብናል። መጠይቁም ይለወጣል። «በምን ያህል ድምፅ ይሰሙት ነበር?» እና «ከማን ጋር?» የሚሉ ሁለት ዓምዶች ገብተዋል። ሙከራውን የሞሉት አባቴ ናቸው፤ ሁለት ከሰዓት በኋላ ፈጀባቸው፤ ለሁለተኛው ዓምድ የተተወው ቦታ ስለ ጠበባቸው በወረቀቱ ጀርባ ቀጠሉ። ቦታውን በአዲሱ እትም አስፍተነዋል። ለወላጆቻችሁ መውሰድ ለምትፈልጉ ቅጂው በሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ይገኛል።