የሚመጣው ሳምንት ብርድና የመኝታ ቤታችን አየር

ከጥቅምት አጋማሽ ጀምሮ እስከ ጥር ድረስ በሬዲዮ የሚነገረው የአየር ጠባይ ትንበያ ለደጋውና ለወይና ደጋው ሰው አንድ ነገር ደጋግሞ ያሰማል፤ ይኸውም በሚመጣው ሳምንት ሌሊቱና ማለዳው ቀዝቃዛ ይሆናል የሚል ነው። ገበሬው ይህን ሲሰማ ያልታጨደውን እህሉን ከውርጭ ለማዳን ይጣደፋል። ከተሜው ግን ብዙውን ጊዜ ጋቢ ከመደረብና ከሰል ከመግዛት በቀር ሌላ አያስብበትም። ከሰሉን ስለ መግዛቱ የምንለው አለን፤ አስቀድመን ግን ትንበያው እንዴት እንደሚሰማ እንናገር።

የአውሮፓ መጻሕፍት የብርዱን ወቅት የሚጠሩበትን ቃል እኛ «ክረምት» እያልን እንተረጉመዋለን። የእኛ ክረምት ግን የዝናም ጊዜ ነው፤ በደጋው አገራችን ሌሊቱ እጅግ የሚቀዘቅዘው ሰማዩ በጠራበት በበጋ፣ ይልቁንም በኅዳርና በታኅሣሥ ነው። ምድር ቀን ከፀሐይ የተቀበለችውን ሙቀት ሌሊት ወደ ሰማይ መልሳ ትለቃለች። በክረምት ደመናው እንደ ወፍራም ጋቢ ሆኖ ይህን ሙቀት ይይዝላታል፤ በበጋ ግን ደመና ስለማይኖርና አየሩም ደረቅ ስለሚሆን ሙቀቱ ያለ ከልካይ ያመልጣል። ስለዚህ ቀን በፀሐይ ያላበው ሰው በማግሥቱ ንጋት ላይ ይንቀጠቀጣል፤ በቀኑና በሌሊቱ መካከል ያለው ልዩነት ከ15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚበልጥበት ጊዜ አለ።

የኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት ለአንድ ከተማ ዝቅተኛው ሙቀት 5 ዲግሪ ይሆናል ብሎ ቢተነብይ፣ ቁጥሩ የሚያመለክተው ከመሬት አንድ ሜትር ተኩል ያህል ከፍ ብሎ፣ ነፋስ በሚያስገባ ሣጥን ውስጥ በጥላ የተቀመጠ ቴርሞሜትር የሚያሳየውን ነው። ጥርት ባለና ነፋስ በሌለው ሌሊት የሣሩ ገጽ ከዚህ በብዙ ዲግሪ ሊቀዘቅዝ ይችላልና፣ ቴርሞሜትሩ ከዜሮ በላይ እያሳየ ሜዳው ውርጭ ለብሶ ቢያድር የሚያስደንቅ አይደለም። ከፍታ 1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ሙቀት በአማካይ 6 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል፤ ሆኖም ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለ ሆነ ጸጥ ባለ ሌሊት እንደ ውሃ ቁልቁል ወርዶ በረባዳ ቦታ ይተኛል። ከፍታውና ሜዳው በተባበሩበት በደብረ ብርሃን ሙቀቱ ከዜሮ በታች የሚወርድበት ሌሊት ያጋጥማል። ቤቱ በሸለቆ ግርጌ ያለ ሰው ከሰማው ቁጥር ላይ ሁለት ሦስት ዲግሪ ቀንሶ ቢዘጋጅ ይበጀዋል። ብርዱ የሚበረታውም በመኝታ ሰዓት ሳይሆን ከሌሊቱ 11 ሰዓት ጀምሮ ፀሐይ እስክትወጣ ነው። ትንበያው ለቀረቡት ሁለት ሦስት ቀኖች ይበልጥ የሚታመን ሲሆን፣ ወደ ሳምንቱ መጨረሻ በራቀ መጠን እርግጠኝነቱ ይቀንሳል፤ ስለዚህ በየዕለቱ የሚታደሰውን መስማት ይሻላል።

እንዲህ ያለው ሌሊት ጢስንም ያፍናል። ከመሬት አጠገብ ያለው አየር ከበላዩ ካለው ይልቅ ስለሚቀዘቅዝ ወደ ላይ አይነሣም። ኅዳር 12 ቀን በየሰፈሩ ቆሻሻ ሲቃጠል የአዲስ አበባ ጢስ እንደ ጉም የሚተኛው በዚህ ምክንያት ነው። ልማዱ በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ የተባለው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ በሺሕ የሚቆጠር ሰው ከፈጀበት ጊዜ ጋር የተያያዘ ነው። ሰፈርን ማጽዳቱ የሚመሰገን ነው፤ ላስቲክና ጎማ ማቃጠሉ ግን ሳንባን ይጎዳል እንጂ ኢንፍሉዌንዛን አያባርርም።

«ብርድ መታኝ» ማለት የተለመደ ነው። ጉንፋንንም ሆነ ኢንፍሉዌንዛን የሚያመጣው ግን ቫይረስ ነው፤ ብርዱ በይበልጥ የሚያግዘው ሰዎችን በአንድ ክፍል ሰብስቦ በርና መስኮት በማዘጋት ነው። የብርዱ ሳምንት ቀኑ ብዙውን ጊዜ ፀሐያማ ስለ ሆነ፣ በቀትር ቤትን ማናፈስ፣ ገላን መታጠብና ልብስን አጥቦ በፀሐይ ማስጣት ይቻላል። ብርድን ፈርቶ ሳይታጠብ የተደራረበ ልብስ የቅማል መራቢያ ይሆናል፤ ተስቦም በቅማል እንደሚተላለፍ የታወቀ ነው።

ከሁሉ የከፋው አደጋ የሚደርሰው የተዘጋ ክፍልና የከሰል ፍም ሲገናኙ ነው። በማንደጃ ውስጥ የተከመረ ፍም በቂ አየር ስለማያገኝ ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ መርዘኛ አየር ያወጣል። ይህ አየር መልክም ሽታም የለውም፤ ዓይን አያቃጥልም፤ አያስልም። በደማችን ውስጥ ኦክሲጅን ተሸክሞ ለአካላችን የሚያደርሰው ሄሞግሎቢን፣ ካርቦን ሞኖክሳይድን ከኦክሲጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል። ስለዚህ በክፍሉ ውስጥ ያለው መርዝ ጥቂት እንኳ ቢሆን በደም ውስጥ ቀስ በቀስ ይከማቻል፤ ሰውየው እየተነፈሰ ሳለ አንጎሉና ልቡ ኦክሲጅን ያጣሉ። የተኛ ሰው ደግሞ ሕመሙ ሳይቀሰቅሰው ከእንቅልፍ ወደ ሞት ሊያልፍ ይችላል።

ብዙ ሰዎች የሚፈሩት ጢሱን ነው። ከሰሉን በደጅ አቀጣጥለው፣ ጢሱ ካለቀና ፍሙ ከቀላ በኋላ «አሁን ጠርቷል» ብለው ወደ መኝታ ቤት ያስገቡታል። የጢሱ ማለቅ ግን የመርዙ ማለቅ አይደለም፤ የጠፋው ማስጠንቀቂያው ብቻ ነው። ፍሙ እስከ ንጋት እንዲቆይ አመድ የሚያለብሱትም አሉ፤ አመዱ አየር ስለሚከለክለው ፍሙ ሌሊቱን ሙሉ መርዙን ሲያወጣ ያድራል። ከማንደጃው አጠገብ ውሃ በጣሳ ማኖር አይበጅም፤ መርዙ በውሃ እምብዛም አይሟሟምና። ዕጣንም ሽታ ይጨምራል እንጂ አየሩን አያነጻም።

«አባቶቻችን እሳት ዳር ተኝተው አልሞቱም» የሚሉ አሉ። የአባቶቻችን ጎጆ ክዳኑ ሣር ስለ ነበረ አየር በየስንጥቁ ይገባበት ነበር፤ እርሱም ቢሆን ዓይንንና ሳንባን ሳይጎዳ አልቀረም። የዛሬው ቤት ግን ግድግዳው በሲሚንቶ የተለሰነ፣ ኮርኒስ የተመታ፣ መስኮቱ መስታወት ነው፤ ከበሩ ሥር ያለው ክፍተት እንኳ በጨርቅ ይወተፋል። እኔ በተማርሁበት ብርዳም አገር የቤት ምድጃ የጢስ መውጫ ቱቦ አለው፤ እንዲያም ሆኖ የብርዱ ወራት ሲቃረብ ቱቦው አለመደፈኑን መርምሩ የሚል ማሳሰቢያ ይነገር ነበር። የእኛ ማንደጃ ቱቦ የለውም።

እንግዲህ ቀዝቃዛ ሳምንት መምጣቱ በተነገረ ጊዜ፣ ከሰል የነደደበት ማንደጃ ሰው በሚተኛበት ክፍል እንዳያድር አባወራውና እማወራዋ አስቀድመው ይወስኑ። ቡና የተፈላበት ፍም በርና መስኮት ተከፍቶ ሥራውን ከፈጸመ በኋላ ወደ ደጅ ይውጣና በውሃ ይጥፋ። መስኮት ገርበብ አድርጎ ከፍም ጋር መተኛት አያስተማምንም፤ ነፋስ በሌለው ሌሊት በጠባብ ክፍተት የሚገባው አየር ላይበቃ ይችላልና። መብራት ሲጠፋ ጄኔራተር በቤት ውስጥ ወይም በመስኮት አጠገብ ማስነሣትም ያንኑ መርዝ ያስገባል።

ለሙቀት ሁለት ሦስት ስስ ልብሶችን መደራረብ ከአንድ ወፍራም ልብስ ይሻላል፤ በመካከላቸው የሚያዘው አየር ያሞቃልና። ብርድ ከወለልም ስለሚመጣ ከፍራሹ ሥር ሰሌን ወይም ካርቶን ማንጠፍ ይጠቅማል። ከልማዶቻችን ሁሉ እኔን እጅግ የሚያሳስበኝ በአራስ ቤት ከሰል ማንደድ ነው፤ መርዙ ለጨቅላ ሕፃን ከሁሉ ይልቅ አስጊ ነው። የጨቅላው ሙቀት በብብቱ ሲለካ ከ36.5 ዲግሪ በታች ከወረደ ቀዝቅዟል ማለት ነው። ገላውን ከእናቱ ደረት ጋር አጣብቆ፣ ራሱን በኮፍያ ሸፍኖ፣ ሁለቱንም በጋቢ ማልበስ ከማንኛውም ፍም ይበልጣል፤ ፊቱ ግን አይሸፈን። በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥም ገላው አይታጠብ።

ከሰል ባለበት ክፍል ሳሉ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽና የጉልበት መክዳት የተሰማው ሰው ወዲያውኑ ይውጣ። ራሱን የሳተ ሰው የተገኘ እንደ ሆነ ረዳቱ በርና መስኮቱን ከፍቶ በሽተኛውን ፈጥኖ ወደ ደጅ ያውጣው፤ እርሱም በክፍሉ ውስጥ አይቆይ። ራሱን በሳተ ሰው አፍ ወተትም ሆነ አረቄ ማፍሰስ ያንቀዋል፤ በጎኑ አስተኝቶ ወደ ሐኪም ቤት ማድረስ ይገባል። መርዙ በንጹሕ አየር ብቻ በግማሽ እስኪቀንስ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ይፈጃል፤ በሐኪም ቤት ንጹሕ ኦክሲጅን ሲሰጥ ግን በ1 ሰዓት ተኩል ገደማ ይቀንሳል። ስለዚህ የተሻለው የመሰለ በሽተኛም ቢሆን ይመርመር። ምልክቱ ከኢንፍሉዌንዛ ጋር ስለሚመሳሰል፣ በክፍሉ ከሰል ነድዶ እንደ ነበረ ለሐኪሙ መንገር ያስፈልጋል፤ በዚያው ቤት ያደሩት ሌሎች ሰዎች፣ በተለይም ነፍሰ ጡር ሴት ካለች፣ አብረው ይመርመሩ።