ዝናቡ ገባ ወይስ ብቅ ብሎ ሄደ?

ግንቦት ሲጋመስ ሁሉም ሰው ወደ ሰማይ ያያል። ደመናው ይጠቁራል። ነፋሱ አቧራ ያስነሣል። ከሰዓት በኋላ አንድ ከባድ ዝናብ ይወርዳል። በማግስቱ አንዱ ገበሬ በሬዎቹን ጠምዶ ለመዝራት ይወጣል። ሌላው ደግሞ «ቆይ እስኪ፣ ትንሽ እንይ» ይላል። ከሁለቱ ልክ የሆነው ማነው?

ነገሩ ቀላል አይደለም። ዝናቡ ከቀጠለ ቀድሞ የዘራው ሰው ሰብሉ ቶሎ ይደርስለታል። ዝናቡ ካቋረጠ ግን ቡቃያው ይጠወልጋል፤ ይደርቃል። ያን ጊዜ ሌላ ዘር ያስፈልጋል። ዘሩ ከጎተራ ካለቀ ከገበያ መግዛት ወይም ከጎረቤት መበደር ይመጣል። በጣም የዘገየውም ቢሆን ከችግር አያመልጥም። እህሉ ሳያፈራ ዝናቡ ያልቅበታል።

ስለዚህ ዛሬ ስለ ዝናብ እንነጋገር። ዝናብ እንዴት ይሠራል? ከየት ይመጣል? መግባቱንስ በምን እናውቃለን?

ዝናብ እንዴት ይሠራል?

ወጥ ሲሠራ ድስቱን ክደኑት። ትንሽ ቆይታችሁ ክዳኑን አንሡት። በክዳኑ ውስጥ የውኃ ጠብታ ታያላችሁ። ጠብታው ከየት መጣ? ውኃው ሲሞቅ ተን ሆኖ ወደ ላይ ወጣ። ተን ማለት ከአየር ጋር የተቀላቀለ፣ በዓይን የማይታይ ውኃ ነው። ተኑ ቀዝቀዝ ያለውን ክዳን ሲነካ ተመልሶ ውኃ ሆነ።

በሰማይም የሚሆነው እንዲሁ ነው። ፀሐይ ባሕሩን፣ ሐይቁን፣ ወንዙንና እርጥቡን መሬት ታሞቃለች። ውኃው ተን ሆኖ ከሞቀው አየር ጋር ወደ ላይ ይወጣል። ላይ ደግሞ ብርድ ነው። ከፍታው 1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ሙቀቱ በአማካይ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ይቀንሳል። ደጋው ከቆላው የሚቀዘቅዘውም ለዚህ ነው። ተኑ ሲቀዘቅዝ በአየር ላይ በሚንሳፈፍ ደቃቅ አቧራ ላይ ይያዝና ትንንሽ ጠብታ ይሆናል። ደመና ማለት የእነዚህ ጠብታዎች ክምችት ነው። ጠብታዎቹ እርስ በርስ ተያይዘው ሲከብዱ አየሩ ሊሸከማቸው አይችልም። ይወድቃሉ። ዝናብ ማለት ይኸው ነው።

የክረምቱ ዝናብ ከየት ይመጣል?

የክረምቱ ውኃ ከመንደራችን ወንዝ ብቻ የተነሣ አይደለም። ከሩቅ አገር ነው የሚመጣው። ወደ ሰኔ ሲጠጋ ፀሐይ ከምድር ወገብ በስተሰሜን ያለውን ምድር አጥብቃ ታሞቃለች። የሞቀ አየር ይቀልላል፤ ወደ ላይም ይወጣል። በእሱ ቦታ እርጥብ ነፋስ ይገባል። ይህ ነፋስ ከአትላንቲክና ከሕንድ ውቅያኖስ ተን ተሸክሞ ይመጣል። የኮንጎ ደንም በመንገዱ ላይ ተን ይጨምርለታል። ነፋሱ ከኢትዮጵያ ተራሮች ጋር ሲጋጠም ማለፊያ ያጣና ወደ ላይ ይወጣል። ይቀዘቅዛል፤ ደመና ይሆናል፤ ይዘንባል።

ይህ ዝናብ ፀሐይን እየተከተለ ከደቡብ ወደ ሰሜን ይጓዛል። ከመስከረም ጀምሮ ደግሞ ወደ ደቡብ ይመለሳል። ስለዚህ በኢሉባቦርና በከፋ በኩል ዝናቡ ቀድሞ ገብቶ ዘግይቶ ይወጣል። በትግራይ ግን ዘግይቶ ገብቶ ቀድሞ ይወጣል።

የመጀመሪያው ዝናብ ለምን ያታልላል?

ይህን በማታው ትምህርት ላይ ስናስረዳ አንዲት እናት እጃቸውን አወጡ። «ልጆቼ፣ መምጣቱንማ እናያለን። ይቆያል ወይ? እሱን ንገሩን» አሉን። ዋናው ጥያቄ የእማማ ጥያቄ ነው።

ዝናቡ ወደ ሰሜን ሲመጣ በአንድ ጊዜ ዘልቆ አይገባም። ጥቂት ቀን ወደፊት ይመጣል፤ ጥቂት ቀን ወደኋላ ይመለሳል። ሌላም ነገር አለ። በሞቃት ቀን አንድ ደመና በአንድ ተራራ ላይ ብቻ ተሠርቶ እዚያው ሊዘንብ ይችላል። ከተራራው ማዶ ጠብታ ላይወርድ ይችላል። ይህ የክረምት መግቢያ አይደለም። የዚያን ቀን ሙቀት የወለደው ዝናብ ነው።

የግብርና ሊቃውንት በብዙ አገር «ዝናቡ ገባ» ለማለት ሁለት ነገር ይመለከታሉ። አንደኛ፣ በተከታታይ 3 ቀን ውስጥ ቢያንስ 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ መዝነቡን ያያሉ። ሁለተኛ፣ ከዚያ በኋላ ባሉት 30 ቀኖች ውስጥ ዝናቡ ለረጅም ጊዜ አለማቋረጡን ያያሉ። ረጅም የሚሉት ብዙውን ጊዜ ከ7 እስከ 10 ቀን በተከታታይ ሲደርቅ ነው። ልኩ እንደ አፈሩና እንደ ሰብሉ ይለያያል።

እንግዲህ አንደኛውን ራሳችን መለካት እንችላለን። ለሁለተኛው ግን ሌላ እርዳታ ያስፈልገናል።

በጣሳ እንለካ

አፉና ቂጡ እኩል የሆነ ባዶ ጣሳ ፈልጉ። ከዛፍና ከቤት ራቅ ባለ ገላጣ ቦታ፣ ሜዳ ላይ አቁሙት። ነፋስ እንዳይጥለው ዙሪያውን ድንጋይ አስደግፉት። በየቀኑ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ውኃው ምን ያህል ከፍ እንዳለ በማስመሪያ ለኩ። ማስመሪያው ላይ ያሉት ትንንሾቹ ክፍሎች እያንዳንዳቸው 1 ሚሊ ሜትር ናቸው። ቀኑንና ቁጥሩን በደብተር ጻፉ። ከዚያ ውኃውን ደፍታችሁ ጣሳውን መልሱት። ማስመሪያው ከሌላችሁ ትምህርት ቤት የሚሄዱት ልጆች አላቸው። ከእነሱ ጋር ለኩ።

1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን በአንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ 1 ሊትር ውኃ ማለት ነው። ሩብ ሄክታር ማሳ 2,500 ካሬ ሜትር ነው። በዚህ ማሳ ላይ 10 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 25,000 ሊትር ውኃ ወረደ ማለት ነው። በ25 ሊትር ጄሪካን ብንቀዳው 1,000 ጄሪካን ይሆናል!

አፈሩንም ቆፍራችሁ እዩ። ላዩ ጭቃ፣ ሥሩ አቧራ ከሆነ ውኃው ገና አልዘለቀም። ዘሩ ቢበቅል እንኳ ሥሩ የሚጠጣው አያገኝም።

የሚመጣውን ማን ይነግረናል?

ጣሳው ያለፈውን እንጂ የሚመጣውን አይናገርም። የሚመጣውን ለመገመት ሰማዩን ከሩቅ ማየት ያስፈልጋል። የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ይህን ይሠራል። ለበጋ፣ ለበልግና ለክረምት አስቀድሞ ትንበያ ያወጣል። ትንበያ ጥንቆላ አይደለም። ነፋሱን፣ ሙቀቱንና የውቅያኖሱን ጠባይ ለክቶ የሚሰጥ ግምት ነው። ሊሳሳትም ይችላል።

ለምሳሌ ኤልኒኖን እንውሰድ። ፓስፊክ ውቅያኖስ ከእኛ እጅግ የራቀ ነው። ሆኖም የውኃው ገጽ ከወትሮው በላይ ሲሞቅ በብዙ አገሮች የነፋሱ መንገድ ይዛባል። ይህ ኤልኒኖ ይባላል። ኤልኒኖ በመጣ ዓመት በሰሜንና በምሥራቅ ኢትዮጵያ የክረምቱ ዝናብ ብዙ ጊዜ ያንሳል። በ2007 ዓ.ም. ክረምት ኃይለኛ ኤልኒኖ ነበር። በብዙ ቦታ ዝናቡ ዘገየ፤ አነሰም። በ2008 ዓ.ም. ከ10 ሚሊዮን የሚበልጥ ሰው የምግብ እርዳታ አስፈለገው።

ስለዚህ በሬዲዮ «ዝናቡ ከመደበኛ በታች ሊሆን ይችላል» ሲባል ስትሰሙ ቶሎ የሚደርስ ዘር አስቡ። ያለውን ዘር ሁሉ በአንድ ቀን አትጨርሱ። ከፊሉን አስቀሩ። የመጀመሪያው ቢከሽፍ ሁለተኛው ይኖራል።

ለእማማም የሰጠናቸው መልስ ይህ ነው። ይቆያል ብሎ በእርግጠኝነት የሚናገር የለም። ነገር ግን ጣሳው የዘነበውን ይነግረናል። ቁፋሮው የጠለቀውን ያሳየናል። ሬዲዮው የሚጠበቀውን ያሰማናል። ሽማግሌዎቻችን ደግሞ ስለ አገራቸው ነፋስና ደመና የሚያውቁት ብዙ ነው። አራቱን አንድ ላይ ይዞ የሚወስን ሰው በአንድ ደመና ብቻ አይታለልም።

የዚህ ሳምንት ሥራ

1. ጣሳ አዘጋጅታችሁ አቁሙ። የ7 ቀን ዝናብ ለክታችሁ በደብተር ጻፉ። ካልዘነበ 0 ብላችሁ ጻፉ። 0ም ቁጥር ነው።

2. ሁለት ጎረቤታሞች በተለያየ ቦታ ይለኩ። ቁጥራችሁ እኩል ነው ወይስ ይለያያል? ለምን?

3. የ3 ቀኑን ቁጥር ደምሩ። 20 ሚሊ ሜትር ሞልቷል?

4. ደብተሩን አትጣሉ። የሚመጣው ዓመት ግንቦት ሲደርስ የዘንድሮውን ገልጣችሁ ታነቡታላችሁ። «አምና መቼ ነበር የገባው?» ተብሎ ክርክር ሲነሣ መልሱ በእጃችሁ ጽሕፈት ተጽፎ ይገኛል።