የራዲዮ ስቱዲዮ ሚክሰር ክፍሎች ስያሜ

ለአንድ ሙያ ቃላት ሲሰየሙ፣ ቃሉ ለጆሮ መጣሙ ብቻ አይበቃም፤ የሚሰየመው ነገር ከጎረቤቱ የሚለይበትን ተግባር ማመልከት ይኖርበታል። ይህ በራዲዮ ስቱዲዮ ሚክሰር ላይ ጎልቶ ይታያል። ሚክሰር ከማይክሮፎን፣ ከማጫወቻና ከስልክ መሥመር የሚመጡትን ድምፆች ተቀብሎ፣ እያንዳንዱን መጥኖና ከሌላው ጋር ቀይጦ ወደ ማሠራጫ የሚልክ መሣሪያ ነው። የመሣሪያው መጠሪያ በባለሙያዎች ዘንድ የተለመደ ስለ ሆነ እንዳለ ቢወሰድ ጉዳት የለውም። ችግሩ ያለው በክፍሎቹ ስያሜ ላይ ነው።

1. ጌይንና ፌደር። ሁለቱም የድምፅን መጠን ስለሚለውጡ «ድምፅ መጨመሪያ» ተብለው ሊተረጎሙ ይችላሉ፤ ትርጉሙ ግን አንባቢውን ያሳስታል። ጌይን የሚገኘው በመሥመሩ መግቢያ ላይ ነው፤ ከማይክሮፎን የሚመጣውንና በሚሊቮልት የሚለካውን ደካማ ምልክት ሚክሰሩ ወደሚሠራበት ደረጃ ያጎላል። ይህ ደረጃ በብዙ የሙያ መሣሪያዎች 1.23 ቮልት ያህል ነው። ፌደር ከዚያ በኋላ የሚገኝ ተንሸራታች ሲሆን፣ ከጎላው ድምፅ ምን ያህሉ ወደ ሥርጭት እንደሚያልፍ ይወስናል። ጌይኑ ከልክ ሲያልፍ የሞገዱ ጫፍ ይቆረጥና ድምፁ ይሻክራል፤ ፌደሩን ማውረድ የሻከረውን ድምፅ ያሳንሰዋል እንጂ አያጠራውም። ጌይኑ ካነሰ ደግሞ ፌደሩ ከፍ ሲል የመሣሪያው የራሱ ረባሽ ድምፅ ከንግግሩ ጋር አብሮ ይሰማል።

እንግዲህ «ድምፁ ሲሻክር ጌይኑን ቀንስ» የሚለው መመሪያ «ድምፅ መጨመሪያውን ቀንስ» ተብሎ ቢተረጎም፣ ሠራተኛው ለእጁ የሚቀርበውን ፌደር ያወርዳል፤ የተበላሸው ድምፅም መሠራጨቱን ይቀጥላል። ስለዚህ ለጌይን «የመግቢያ ማጉሊያ»፣ ለፌደር «መመጠኛ» የተሻሉ ናቸው። ሁለቱም አጎላና መጠነ ከሚሉት ግሦች የወጡ የመሣሪያ ስሞች ናቸው፤ «የመግቢያ» የሚለውም ቃል የመጀመሪያውን ከተለመደው «ድምፅ ማጉያ» ይለየዋል።

2. ባስ። በእንግሊዝኛ በአነባበብም በአጻጻፍም የሚለያዩ ሁለት ቃላት በፊደላችን ሲጻፉ አንድ ይሆናሉ። አንደኛው ዝቅተኛ ድግግሞሽ ያለውን ድምፅ፣ ሁለተኛው የብዙ ምንጮች ድምፅ የሚገናኝበትን መሥመር ያመለክታል። ለአንደኛው «ወፍራም ድምፅ» የሚል አነጋገር ቀድሞም አለን። ሁለተኛው «ለሁሉም» የሚል ፍች ካለው ኦምኒቡስ ከተባለው የላቲን ቃል የወጣ ስለ ሆነ፣ «የጋራ መሥመር» ቢባል ከሥሩም ከተግባሩም ጋር ይስማማል።

3. ሚክስ ማይነስ። ይህ በስልክ ለሚነጋገር እንግዳ ወይም ከሩቅ ለሚዘግብ ጋዜጠኛ የሚላክ ድምፅ ነው፤ ከተቀባዩ ድምፅ በቀር የፕሮግራሙን ድምፅ ሁሉ ይይዛል። የራሱ ድምፅ ዘግይቶ ቢመለስበት እንደ ገደል ማሚቶ ሆኖ ንግግሩን ያደናቅፈዋል። ቃል በቃል «ቅይጥ ሲቀነስ» ቢባል የሚቀነሰው ምን እንደ ሆነ አይታወቅም፤ «የደዋይ ድምፅ» ቢባልም ጋዜጠኛውን ያስቀራል፣ ፍቹንም ይገለብጣል። «ከራስ በቀር ቅይጥ» የሚለው ግን የሚቀረውን ለይቶ ይናገራል።

እነዚህ ስያሜዎች እስኪለመዱ ድረስ የውጭው ቃል በመጀመሪያው አገባብ ላይ በቅንፍ ቢታከል ይጠቅማል። ተርጓሚም ቃሉን ከማጽደቁ በፊት መመሪያውን ሚክሰሩ ላይ ለተቀመጠ ባለሙያ ቢያነብለትና እጁ ወዴት እንደሚሄድ ቢመለከት፣ የስያሜውን ብቃት ይረዳል።