የመንዝ በልግና የሩቁ ውቅያኖስ

በመሐል ሜዳ ወይም በዓለም ከተማ ሱቅ የከፈተ ነጋዴ ስለ መርከብ ኪራይ ይጠይቃል፤ ስለ ቀረጥም ይጠይቃል፤ ስለ ባሕሩ ሙቀት ግን ሲጠይቅ አልሰማንም። ባሕር ለደጋ አገር ምን ያደርግለታል የሚል ይኖር ይሆናል። ነገር ግን በየካቲት በዱቤ የሚሰጠው ጨርቅ፥ ስኳርና ዘይት የሚከፈለው በልግ ሲታጨድ ነው፤ በልጉም የሚመጣው ከውቅያኖስ ነው።

የመንዝና የግሼ ደገኛ የመኸሩን እህል ውርጭ ስለሚያጠቃበት፥ በጥርና በየካቲት ዘርቶ በሰኔና በሐምሌ የሚያጭደውን የበልግ ገብስ አጥብቆ ይመካበታል። በመርሐ ቤቴ ቆላማ ክፍል በጀማ ሸለቆ ደግሞ ገበሬው በበልጉ እርጥበት ማሽላ ይዘራል፤ ዝናቡ የዘገየ እንደ ሆነ ወደ ጤፍና ወደ ሌላ ፈጥኖ ደራሽ እህል ይዞራል። ዘር የሚነግድ ሰው ይህን ልብ ሊለው ይገባል።

ውኃ ሙቀትን የመያዝ ኀይሉ ከደረቅ አፈር አራት እጥፍ ያህል ነው። ስለዚህ ባሕር ቀስ ብሎ ይሞቃል፥ ቀስ ብሎም ይበርዳል፤ ሲሞቅም ብዙ እንፋሎት ለነፋስ ያስረክባል። በበልግ ወራት ከሕንድ ውቅያኖስ፥ ከዐረብ ባሕርና ከኤደን ባሕረ ሰላጤ የሚነሣው እርጥብ ነፋስ የአፋርን በረሓ አቋርጦ ከሸዋ ገደል ጋር ይጋጠማል፤ ሽቅብ ሲወጣም ይቀዘቅዝና ደመና ይሆናል። የደሴ መንገድ ነጂዎች በጣርማ በር መብራት አብርተው የሚያልፉት ጉም እንዲህ ያለ የባሕር እንግዳ ነው። ሊቃውንት እንደ ደረሱበት፥ በማዳጋስካር አካባቢ የባሕር ዐውሎ ነፋስ በበዛበት ዓመት እርጥበቱ ወደዚያው ስለሚሳብ በልጋችን ይቀንሳል።

ክረምቱም የራሱ ባሕር አለው፤ እርሱም እጅግ የራቀው ሰላማዊ ውቅያኖስ ነው። የፔሩ ዓሣ አጥማጆች በልደት ሰሞን የሚመጣውን ሙቅ ውኃ በሕፃኑ ኢየሱስ ስም ኤል ኒኞ ብለው ሰየሙት። ወደ ምዕራብ የሚነፍሰው ነፋስ ሲደክም ሙቁ ውኃ ወደ አሜሪካ ጠረፍ ይመለሳል፤ ያን ጊዜ የሰሜንና የመካከለኛው ኢትዮጵያ ክረምት ብዙ ጊዜ ይሳሳል። በ1964 ዓ.ም. ክረምት ኤል ኒኞ ነበረ፤ የወሎም ረኃብ በዚያው ሰሞን ጸና። በ2007 ዓ.ም. አስቀድሞ በልጉ አነሰ፥ ቀጥሎ ክረምቱ በኤል ኒኞ ተጎዳ፤ በ2008 ዓ.ም. የምግብ ርዳታ ያስፈለጋቸው ሰዎች ከ10 ሚሊዮን በላይ ሆኑ።

ይህ ጸሐፊ በዚያ ዓመት የአንድ ነጋዴ የዱቤ መዝገብ ያዥ ነበረ። «በሐምሌ ይከፈላል» ብሎ በእጁ የጻፈባቸው ገጾች ሐምሌ ሲደርስ ባዶ ቀሩ። ደንበኛችን የነበሩ አንድ ሽማግሌ ባዶ እጃቸውን መጥተው፥ «ልጄ፥ ሰማዩ ለእኔ አልከፈለኝም፤ እኔ ለእናንተ ከምን አመጣለሁ?» አሉ። አሠሪዬም ጥቂት ዝም ካለ በኋላ ዕዳውን ለሚቀጥለው ዓመት አሻገረላቸው። ሌሎቹ በጎቻቸውን አንድ ሰሞን ወደ ገበያ ስላወጡ የበግ ዋጋ ወደቀ፤ የእህል ዋጋ ግን ወጣ። ገብስ በጊዜው የገዛ አተረፈ፤ ጨርቅ ያከማቸ ከሰረ።

የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ከበጋ፥ ከበልግና ከክረምት በፊት የባሕሩን ሙቀት እየመረመረ ትንበያ ያወጣል። ትንበያው ዋስ አይደለም፤ አንዳንድ ጊዜም ይሳሳታል። ቢሆንም የወረዳውን ሁሉ ደንበኛ ያለ ምንም መረጃ በዱቤ ከመሙላት ይሻላል። አሠሪዬ አሁን በጥር ወር ትንበያውን ሳይሰማ የዱቤ መዝገብ አያስከፍትም፤ የሚያሠጋ ከሆነ የጨርቁን ዱቤ በግማሽ ይቀንሳል፥ የዘሩን ግን አይነካም። ከዚያም ወደ እኔ ዘወር ብሎ፥ «ማዳጋስካር እንዴት ሰነበተች?» ይለኛል።