የኅዳር ዕዳ፦ 312,000 ብር በሁለት ምርት እንዴት ከፈልኩ



ዛሬ የጀንፈልም የማሽላም ዋጋ አልለጥፍም፤ እሱ ነገ ጠዋት እንደተለመደው ይወጣል። ዛሬ የማወራው ብዙዎቻችን ይዘነው ስለምንዞርና ስለማናወራው ነገር ነው፤ ስለ ዕዳ። እኛ ደመወዝ የለንም። የወር መጨረሻ የሚባል ነገርም አናውቅም። ገቢያችን በምርት ወቅት ይመጣል፣ ዕዳው ግን በየቀኑ በር ያንኳኳል። ከምታውቁት ሰው ብትሰሙት ይሻላል ብዬ የራሴን ልንገራችሁ።

ሥራዬን ታውቁታላችሁ። ሚኤሶ ላይ፣ መንገዱ አንዱ ወደ ጭሮ አንዱ ወደ ድሬዳዋ በሚከፈልበት ቦታ፣ ቡናና እህል አገናኛለሁ። ቡናው ከላይ ከደጋው ይመጣል፣ ማሽላና በቆሎው ከዚሁ ከቆላው ነው። የምበላው ኮሚሽን ነው። ኮሚሽን ትንሽ ነው ግን አያከስርም፤ ዋጋ ወጣ ወረደ አንተን አይነካህም።

በ2015 ምርት ግን ኮሚሽን አነሰኝ። «እስከ መቼ የሰው ጆንያ እቆጥራለሁ» ብዬ በራሴ ጀንፈል መያዝ ጀመርኩ። ገንዘብ ከየት አመጣህ? አትሉም። አንድ ገዢ ቡና እንድሰበስብለት የሰጠኝ ቅድሚያ ገንዘብ እጄ ላይ ነበር፤ ከእሱ ቆንጥሬ ለራሴ ገዛሁበት። ከገበሬም «በሳምንት ውስጥ እከፍላለሁ» እያልኩ በዱቤ አነሳሁ። ለቤት የሚያስፈልገውን ደግሞ ከባለ ሱቅ በደብተር እወስድ ነበር።

በዚያው ጊዜ የኒውዮርክ የአረቢካ ዋጋ እየወረደ ነበር። በነሐሴ 2014 በፓውንድ ከ2 ዶላር በላይ የነበረው ቡና በጥር 2015 ከ1 ዶላር ተኩል በታች ገባ። ላይ ያለው ገዢ እጁን ሰበሰበ። እኔ ደግሞ ተሻምቼ ያነሳሁት ጀንፈል በደንብ የደረቀ ስላልነበር መጋዘን ውስጥ ክብደቱ ቀነሰብኝ። «ዛሬ ይሻላል፣ ነገ ይሻላል» እያልኩ ቆይቼ በኪሳራ ሸጥኩ። ሽያጩን ለአንዳንዱ ከፋፍዬ ስጨርስ የቀረብኝ ዕዳ ይህን ይመስል ነበር፦

ለ14 ገበሬዎች 95,000 ብር
ለቅድሚያ ገንዘብ ሰጪው 145,000 ብር
ለባለ ሱቅ 72,000 ብር
ድምር 312,000 ብር

ከዚያ ምን አደረግኩ? ስልኬን አጠፋሁ። ሌላ ሲም ካርድ አወጣሁ። በገበያ ቀን ጭሮ ሥራ አለኝ እያልኩ ከከተማው መጥፋት ጀመርኩ። ሚኤሶ ስንት ሰው ነው? ሁሉም ይተዋወቃል። በሁለት ሳምንት ውስጥ ወሬው ከእኔ ቀድሞ ገበያ ደረሰ። ደላላ ማለት እኮ ስም ነው። መኪና የለው፣ መጋዘን የለው፣ ያለው «እሱ ካለ ይሆናል» የሚባለው ቃል ብቻ ነው። እሱ ሲሄድ ዲፕሎማው ምን ይሠራል?

በመጨረሻ አንድ አዛውንት ቤቴ ድረስ መጡ። ከ14ቱ የአንዱ ገበሬ አባት ናቸው። ቁጣ ጠብቄ ነበር። አልተቆጡም። «ልጄ፣ የገንዘቡ ነገር ይደርሳል። እኛን ያስጨነቀን ስልክህ ነው» አሉኝ። ያን ቀን ማታ አንቅልፍ አልወሰደኝም። በማግስቱ ሽማግሌ ይዤ ለሁሉም ቀረብኩ። ማን ምን ያህል፣ መቼ እንደሚከፈል በወረቀት ጻፍን፣ ምስክር ፈረመበት።

ወረቀቱ ለምን? በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2472 መሠረት ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር ፍርድ ቤት ቢደርስ ማስረጃው ጽሑፍ ነው፤ አለዚያ ተበዳሪው ራሱ ማመን ወይም መሐላ መደረግ አለበት። እኛ ግን 50,000 ብር በ«ወላሂ» እንሰጣጣለን። ቃል ጥሩ ነው። ግን ሰው ይሞታል፣ ይረሳል፣ ይሰደዳል። ወረቀቱ አበዳሪውን ብቻ ሳይሆን ተበዳሪውንም ያድናል፤ የከፈልከው የተከፈለ ሆኖ ይቀርልሃል።

አከፋፈሉ እንዲህ ነበር። መጀመሪያ ሞተር ሳይክሌን በ95,000 ብር ሸጥኩና ገበሬዎቹን በአንድ ቀን ጨረስኩ። ብዙ ሰው «ለምን ትልቁን አላስቀደምክም» ብሎኛል። ምክንያቱ ቀላል ነው። ገዢው 145,000 ብሩን ቢያጣ ያማርራል እንጂ አይራብም፤ ገበሬው ግን የዘር መግዣው እኔ እጅ ላይ ነው። በዚያ ላይ በሚቀጥለው ኅዳር ቡና የሚያመጣልኝ እሱ ነው። ዕዳህን በብር መጠን ብቻ አትደርድር፤ ያንን ሰው ስታጣ ሥራህ ይቆማል ወይ ብለህ ደርድር።

ለቀሩት ሁለቱ በየወሩ ይህን ያህል እከፍላለሁ አላልኩም። ብል ኖሮ ሐምሌ ላይ ሌላ ብድር እወስድ ነበር። የተስማማነው በኩንታል ነው፤ ከማገናኘው ከእያንዳንዱ ኩንታል ኮሚሽን ግማሹ የዕዳው፣ ግማሹ የቤቴ። ክረምት ላይ ሥራ ሲጠፋ ክፍያውም ይቆማል፣ ግን ደውዬ «ዛሬም የለም» እላለሁ። በ2016 ምርት 120,000 ብር ከፈልኩ፤ 85,000 ለገዢው፣ 35,000 ለባለ ሱቁ። በ2017 ምርት የቀረውን 97,000 ጨረስኩ፤ 60,000 እና 37,000። የመጨረሻዋን ብር የሰጠሁት በጥር 2017 ነው።

በየካቲት 2017 ምን እንደሆነ ታስታውሳላችሁ። አረቢካ ኒውዮርክ ላይ በፓውንድ ከ4 ዶላር በላይ ሄዶ ክብረ ወሰን ሰበረ። ከዚያ በፊትም ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ እንዲመራ ተደርጎ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 አልፏል። ጓደኞቼ «ያን ገንዘብ ለዕዳ ባትከፍል ቡና ብትይዝበት ኖሮ» ይሉኛል። እውነት ነው፣ አተርፍ ነበር። ግን በ2015ም እንደዚሁ ነበር የተባለው። በሰው ገንዘብ የያዝከውን ቡና ዋጋ እስኪወጣ መጠበቅ አትችልም፤ የምትሸጠው ገበያው ሲፈቅድ ሳይሆን ባለ ገንዘቡ ሲጠይቅህ ነው። ዋጋ አላዳነኝም። ያዳነኝ ሰው ስልኬን ማመኑ ነው።

አሁን ወደ ገበያ ልመለስ፤ ይህን ጽሑፍ እዚህ ቻናል ላይ ያደረግኩት ለዚህ ነው። ዕዳ የዋጋ መረጃ ነው።

በየዓመቱ ኅዳርና ታኅሣሥ ማሽላ ለምን እንደሚረክስ ስትጠየቁ «ምርት ስለገባ» ትላላችሁ። ግማሹ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ ዕዳ ነው። የማዳበሪያው፣ የባለ ሱቁ፣ የሠርጉ፣ የእቁቡ፣ ሁሉም «ምርት ሲገባ» ተብሎ የተቀጠረ ነው። ስለዚህ ሁሉም ገበሬ በአንድ ሳምንት ይሸጣል። ያው ገበሬ ሰኔና ሐምሌ ላይ ለቤቱ ማሽላ በውድ ይገዛል።

ከዚህም የባሰው በአረንጓዴው መሸጥ ነው። ለስሌት ያህል (የገበያ ዋጋ አይደለም)፦ ገበሬው ነሐሴ ላይ ለአንድ ኩንታል 3,000 ብር ተቀበለ፣ ኅዳር ላይ ሲያስረክብ ገበያው 4,000 ሆነ። በሦስት ወር 1,000 ብር ከፈለ ማለት ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2479 ግለሰብ ለግለሰብ ሲያበድር የወለድ ጣሪያው በዓመት 12 በመቶ ነው። በዚያ ስሌት የ3,000 ብር የሦስት ወር ወለድ 90 ብር ነው። 90 ብርና 1,000 ብር! ወለድ ስላልተባለ ብቻ ርካሽ አይደለም። የሰውን ችግር አይቶ ከዚህ ጣሪያ በላይ ወለድ መሰብሰብ ደግሞ አራጣ ነው፤ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 712 ያስጠይቃል።

የባንኩም ነገር ታች ድረስ ይወርዳል። ብሔራዊ ባንክ በነሐሴ 2015 የባንኮች ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ሲገድብ ብዙዎቻችን የአዲስ አበባ ወሬ መስሎን ነበር። በኋላ በ2017 ጣሪያው ወደ 18 በመቶ ከፍ ተደርጎ ነበር። ግን ላኪው ባንክ ሲጠብበት ለአቅራቢው ቅድሚያ አይሰጥም፣ አቅራቢው ለሰብሳቢው አይሰጥም፣ መጨረሻ ላይ ገበሬው በዱቤ እንዲያስረክብ ይለመናል። የባንክ ብድር ሲጠብ ገበሬው አበዳሪ ይሆናል ማለት ነው። ይህን ስታዩ ጀንፈል በዱቤ የሚጠይቃችሁን ሰው ሁለቴ አስቡበት። እኔንም ጨምሮ።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ያተረፍኩትን ላካፍላችሁ።

ለግል ሠሪው፦ የሰው ቅድሚያ ገንዘብና የራስህን ገንዘብ በአንድ ሒሳብ አታስቀምጥ። እኔ አሁን ሁለት የባንክ ደብተር አለኝ። ሁለተኛ፣ በስልክ የሚገኙትን አጫጭር ብድሮች፣ ቴሌብር መላም ሆነ ሚቹ፣ ገንዘብህ በየቀኑ የሚዞር ከሆነ ተጠቀምባቸው። ገቢህ ኅዳርን የሚጠብቅ ከሆነ ግን በአጭር ጊዜ የሚመለስ ብድር ለአንተ አይሆንም። ሦስተኛ፣ ሳይደወልልህ ደውል።

ለገበሬው፦ ዕዳህን ለሁለት ክፈለው። ግማሹን በታኅሣሥ፣ ግማሹን በየካቲት ወይም በመጋቢት ብለህ ስትበደር ተስማማ። ስትበደር ነው የምትደራደረው፤ ምርት ከገባ በኋላ የሚሰማህ የለም።

ለዩኒየኖች፦ የመጋዘን ደረሰኝ አዋጅ ቁጥር 372/1996 እና የተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና አዋጅ ቁጥር 1147/2011 እህልና ከብት ለብድር ዋስትና እንዲሆኑ በር ከፍተዋል። አባሎቻችሁ ማሽላውን ሳይሸጡ በእሱ መበደር ከቻሉ ኅዳር ላይ ገበያው አይጥለቀለቅም። ወለድ የማይፈልጉ አባላት ካሉ በሰኔ 2013 ሥራ የጀመረው ዘምዘምን የመሳሰሉ ከወለድ ነፃ ባንኮችን ጠይቁ።

ለላኪዎችና ለአቅራቢዎች፦ ቅድሚያ ስትሰጡ ታች ላለው ሰው የመመለሻ ቀኑን ከቡናው መድረቅ ጋር አስማሙት። ቀን ሲያጥር ነው እርጥብ ጀንፈል የሚመጣላችሁ። እኔ ምስክር ነኝ።

ሞተር ሳይክል እስካሁን አልገዛሁም። በባጃጅና በእግሬ ነው የምሠራው። ባለፈው የገበያ ቀን እኚያ አዛውንት ልጃቸውን ከሦስት ኩንታል ጀንፈል ጋር ላኩልኝ። «ዋጋ ስንት ነው?» ብሎ እንኳ አልጠየቀም፤ «አባቴ አንተ ጋ አድርስ ብሎኛል» አለኝ። ጀንፈሉን መዝነን፣ ለገዢው ደውዬ፣ ገንዘቡን ያኔውኑ እጁ ላይ ቆጠርኩለት።

ነገ ጠዋት ዋጋ ይዤ እመለሳለሁ። መልካም ገበያ።