የነፋስ ኃይል ፈቃድ፦ ከኮረብታው እስከ ቃሊቲ

ቃሊቲ ካለው የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ጣቢያ የሚወጣው መብራት የየት አገር መብራት እንደሆነ ሽቦውን አይቶ መለየት አይቻልም። የግቤ ውኃም፣ የቆቃ ውኃም፣ የአዳማ ነፋስም ብሔራዊ የኃይል ቋት ውስጥ ከገባ በኋላ አንድ ነው። የቃሊቲ የምግብና የብረታ ብረት ፋብሪካዎች ግን ነፋሱን ሊያውቁት ይገባል። አገራችን የምትጠቀመው ኤሌክትሪክ በአብዛኛው ከውኃ የሚመነጭ ነው፤ በበጋ ግድቦች ሲጎድሉ ደግሞ ነፋሱ ይበረታል። ቱሉ ዲምቱ ላይ ፈጣን መንገዱን ይዞ ወደ አዳማ የሚወርድ ሰው ከተማዋ ሲቃረብ በየኮረብታው ጫፍ የሚሽከረከሩትን ነጫጭ ተርባይኖች ያያል። አዳማ አንድ 51፣ አዳማ ሁለት 153 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አላቸው፤ በድምሩ 136 ተርባይኖች ናቸው።

እዚያ እንዲተከሉ የፈቀደው ማን ነው? በምን ሕግ?

ጥያቄው የዓለም ጥያቄ ነው። የባሕር ወደብ ያላቸው አገሮች ዛሬ ተርባይን የሚተክሉት ውኃ ውስጥም ጭምር ነው። ዴንማርክ እ.ኤ.አ. በ1991 ቪንደቢ በተባለ ቦታ 11 ተርባይኖችን ባሕር ላይ ተክላ ፈር ቀደደች። አሠራሩንም ለአንድ መሥሪያ ቤት ሰጠችው። አልሚው በዴንማርክ የኢነርጂ ኤጀንሲ በኩል በተከታታይ ሦስት ፈቃድ ያገኛል፦ ቦታውን ለማጥናት፣ ለመገንባት፣ ከዚያም ኃይሉን ለመጠቀም። አሜሪካ ውስጥ ነገሩ ይከፋፈላል። ከዳርቻው ጥቂት ማይሎች ርቆ ያለው ባሕር በፌዴራል መንግሥት እጅ ነው፤ ኃይሉን ማን ይግዛ የሚለውን ግን ክፍለ ግዛቶች በየሕጋቸው ይወስናሉ። ማሳቹሴትስ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣችው ሕግ የኤሌክትሪክ አከፋፋዮቿ 1,600 ሜጋ ዋት የባሕር ላይ ነፋስ ኃይል ለመግዛት እንዲዋዋሉ አስገድዳለች።

እኛ ባሕር የለንም፤ ነፋሳችን የሚነፍሰው የሚታረስ መሬት ላይ ነው። ስለዚህ ሕጋችን የሚፈተነው ዓሣ አስጋሪ ፊት ሳይሆን ገበሬ ፊት ነው፤ መጠናትም ያለበት በዚያ ዓይን ነው።

የመጀመሪያው በር የኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006 ነው። ኤሌክትሪክ ለንግድ ማመንጨት፣ ማስተላለፍ፣ ማከፋፈልና መሸጥ፣ ከውጭ ማስገባትና ወደ ውጭ መላክ ፈቃድ እንደሚያሻው ይደነግጋል። ዝርዝሩ በደንብ ቁጥር 447/2011 ወጥቷል። ፈቃድ ሰጪው መጀመሪያ የኢነርጂ ባለሥልጣን ይባል ነበር፤ ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን ሆኗል።

የግል አልሚ ከሆነ ሌላ በር አለ። የመንግሥትና የግል አጋርነት አዋጅ ቁጥር 1076/2010 ፕሮጀክቱ በጥናት ተደግፎ በገንዘብ ሚኒስትሩ ለሚመራው ቦርድ እንዲቀርብ ያዛል። ጨረታው፣ ዋጋው፣ የኃይል ግዥ ስምምነቱ በዚህ መንገድ ይሄዳሉ። ቀደምቶቹ በዚህ አላለፉም፤ አዋጁ ገና አልወጣም ነበር። አዳማዎቹ በቻይና ብድር፣ ጥቅምት 2006 ዓ.ም. የተመረቀው 120 ሜጋ ዋቱ የአሸጎዳ ጣቢያ ደግሞ በፈረንሳይ ብድር፣ ሁሉም የመንግሥት ንብረት ሆነው ተሠሩ። ኢቴያ አጠገብ 29 ተርባይኖች ያሉት የአሰላው ፕሮጀክትም በዴንማርክ ድጋፍ የተነሣ ነው።

ለእኔ ከሁሉም የሚከብደው በር ግን የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ነው። ግምገማ የሚያስፈልገው ፕሮጀክት ያለ አካባቢ ጥበቃ ይሁንታ ሥራ መጀመር አይችልም። ሌላው ፈቃድ ሰጪም ይሁንታው መኖሩን ሳያረጋግጥ ፈቃድ መስጠት የለበትም። አዋጁ የጥናቱ ሪፖርት ለሕዝብ ክፍት እንዲሆንና አስተያየት እንዲሰበሰብበት ይጠይቃል። ይሁንታ ማግኘትም ባለፕሮጀክቱን በኋላ ለሚያደርሰው ጉዳት ከተጠያቂነት አያድነውም። ስምጥ ሸለቆው በየዓመቱ ትልልቅ አሞሮችና ሽመላዎች የሚያልፉበት የፍልሰት መንገድ በመሆኑ ተርባይኑ የት መስመር ላይ ይቁም የሚለው ተራ የምሕንድስና ጉዳይ አይደለም። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 92 ፕሮጀክቱ በቀጥታ የሚነካው ሕዝብ ሐሳቡን እንዲሰጥ መብት ይሰጠዋል።

ሐሳብ ግን ጊዜ አለው። ብድሩ ተፈርሞ፣ የተርባይኑ ዓይነት ተመርጦ፣ የምረቃው ቀን ከተቆረጠ በኋላ ገበሬውን ሰብስቦ መጠየቅ ማሳወቅ እንጂ ማማከር አይባልም። ይህን አጥብቄ የምለው ውኃውን ስለማየው ነው። ከአቃቂ ወደ ደቡብ ያለው የአባ ሳሙኤል ግድብ በ1924 ዓ.ም. ሲሠራ ከአገሪቱ የመጀመሪያዎቹ የውኃ ኃይል ማመንጫዎች አንዱ ነበር፤ 6.6 ሜጋ ዋት። ያኔ እንዲህ ያለ አዋጅ አልነበረም። ግድቡ ለከተማዋ መብራት ሰጠ፤ ከተማዋ ደግሞ ቆሻሻዋን በአቃቂ ወንዝ ወደ እርሱ ሰደደች። ማመንጫው ለአሥርት ዓመታት ቆሞ በቻይና ድጋፍ ታድሶ ተመለሰ፤ ሐይቁና ዳርቻው ላይ የሚኖሩት ግን የከተማዋን ቆሻሻ ዛሬም ተሸክመዋል።

የነፋስ ጣቢያ መሬት የሚይዝበት መንገድ ለየት ያለ ነው። የተርባይኑ መሠረት የሚወስደው ጥቂት ነው፤ በመሐል ያለው መሬት ይታረሳል፣ ከብትም ይሰማራበታል። ዳሩ ግን ክሬን የሚቆምበት ሜዳ፣ ረጅሙን ክንፍ የሚያሳልፍ ሰፊ መንገድ፣ የሚቀበር ኬብል አለ። አንድን ማሳ መንገድ ለሁለት ሲከፍለው የተወሰደው የመንገዱ ስፋት ብቻ አይደለም፤ በሬ የሚዞርበት፣ ውኃ የሚፈስበት አቅጣጫም ይለወጣል። በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሠረት መሬቱን ለዘለቄታው ለቆ ምትክ ያላገኘ የገጠር ባለይዞታ፣ ባለፉት ሦስት ዓመታት ካገኘው ዓመታዊ ገቢ ከፍተኛው በ15 ተባዝቶ ይከፈለዋል። ቀድሞ በነበረው አዋጅ ቁጥር 455/1997 የአምስት ዓመት አማካይ ገቢ በ10 ነበር የሚባዛው። ቅሬታ ያለው ሰው ለአቤቱታ ሰሚ፣ ከዚያ ለይግባኝ ሰሚ፣ በመጨረሻም ለፍርድ ቤት ማቅረብ ይችላል። ይህ ትልቅ መሻሻል ነው። ይሁንና ስሌቱ የሚቆጥረው የተወሰደውን መሬት ምርት ነው፤ ተርባይኑ ለአሥርት ዓመታት ከሚያመነጨው ገቢ ለኮረብታው መንደር የሚደርስ ድርሻ በቀመሩ ውስጥ የለም። ሊኖር ይገባል ብዬ አምናለሁ።

በ2016 ዓ.ም. የጸደቀው ማሻሻያ፣ አዋጅ ቁጥር 1336፣ ካሳ የመክፈሉን ኃላፊነት ወደ ክልሎችና ከተማ አስተዳደሮች አዙሮታል። እንግዲህ ጣቢያውን የሚያሠራውና ኃይሉን የሚሸጠው የፌዴራል ተቋም ሆኖ፣ ለገበሬው የሚከፍለው ክልሉ ሊሆን ነው። ክልሉ በበጀቱ ውስጥ ገንዘቡን አስቀድሞ ካልያዘ፣ ገበሬው መሬቱን አስረክቦ ካሳውን የሚጠብቅበት ጊዜ ይረዝማል። ለቀጣዩ ጣቢያ ፈቃድ የሚሰጠው አካል ከተርባይኑ ሥዕል በፊት ይህ በጀት መያዙን የሚያሳየውን ወረቀት መጠየቅ አለበት።